የብረት አር ቤት

በዚያ ዘመን ሐርጌሳ ጣሪያ የሌላት ከተማ ነበረች። ከስደት የሚመለስ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው የቤቱን ደጃፍ ነበር። ደጃፉን ካገኘ ፍርስራሹን ወደ ጥግ ገፋ ያደርግና በቀሩት ግድግዳዎች ላይ ሸራ ወጥሮ፣ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይገባል። በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግን፣ ያ ሰው ዕቃውን ፈትቶ ሳይጨርስ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ተኩስ እንደገና ተነሣ። ግማሹ የፈታውን መልሶ ማሰር ጀመረ። ግማሹም «ከእንግዲህስ የትም አልሄድ» ብሎ ቀረ።

ዳሚ ከቀሩት ሰፈሮች አንዷ ነበረች። ዳሚ የብረት ሠሪዎች ሰፈር ናት፤ ነዋሪዎቿ ከጥንት ጀምሮ ቢላዋና መጥረቢያ ሲቀጠቅጡ የኖሩ፣ የቀረው የከተማ ሰው ሥራቸውን እየወደደ እነሱን ግን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሂርሲ ይባላል። ሂርሲ በግቢው ውስጥ ቁመቷ ከሰው የማይበልጥ የሸክላ እቶን ነበረችው። በመንገድ ዳር ተቃጥለው የቀሩትን የካሚዮንና የታንክ ሞተሮች በመዶሻ እየሰባበረ፣ ከከሰልና ከኖራ ድንጋይ ጋር ወደ እቶኑ አፍ ይጨምራል፤ ወናፉን ያስነፋል፤ ብረቱ እንደ ማር ሲሆን የወፍጮ ጥርስና የጉድጓድ መዘውር ያፈስበታል።

ብረት ሲቀልጥ ቆሻሻው በላዩ ይንሳፈፋል። ይህንን ቆሻሻ የሙያው ሰዎች የብረት አር ይሉታል። ሂርሲ የእቶኑን የጎን ቀዳዳ ሲከፍት ይህ አር እንደ እሳት ምላስ ተንቀልቅሎ ይወጣና፣ እግር እንዳያቃጥል ተብሎ ከሥሩ በተቀመጠው የውሃ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ያኔ ውሃው ይጮኻል፤ አሩም ተሰባብሮ፣ ጠቆር አረንጓዴ ብሎ የሚያብረቀርቅ የጠርሙስ ስባሪ የመሰለ አሸዋ ይሆናል። ሂርሲ ይህንን ከግቢው ጀርባ ይደፋው ነበር። ክምሩ ከአጥሩ በላይ አድጎ ነበር።

ለዚህ ክምር ዋጋ የሰጠው ሰው ገነነ ነው።

ገነነ የሸዋ ሰው ነው፤ ጡብ ሠሪ የጡብ ሠሪ ልጅ። በወጣትነቱ አቃቂ አጠገብ ባለ የብረት ማቅለጫ ግቢ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ነበር። ኋላ ሠራዊቱ ወሰደው፤ ሠራዊቱ ሲፈርስ ደግሞ እግሩ ወደ ምሥራቅ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ስሙንና ክፍለ ጦሩን የሚጠይቀውን ሰው ሁሉ ይፈራል። ሐርጌሳ ላይ ግን ስም የሚጠይቅ አልነበረም፤ የሚጠየቀው «ግንብ ትችላለህ ወይ?» ብቻ ነበር። ይችላል። ስለዚህ ተቀመጠ፤ በሂርሲ ግቢ ጥግ፣ በሸራ ሥር።

ችግሩ ሲሚንቶ ነው። የበርበራ ወደብ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል፤ የተገኘውም ከረጢት ነጋዴ ቤት ተቆልፎ ይከርማል። ገነነ ያን ጊዜ የአቃቂውን ግቢ አስታወሰ። እዚያ ያረጀ የእቶን አለቃ ነበር፤ የብረት አሩን አስፈጭቶ፣ ከኖራ ጋር ደባልቆ፣ በግቢው መተላለፊያ ላይ ያስደለድለው ነበር። መተላለፊያው ከጊዜ በኋላ የጭነት መኪና የሚሄድበት ድንጋይ ሆነ። ገነነ ይህንን በዓይኑ አይቷል። ታዲያ የብረት አር እዚህ ተከምሮ ሲሚንቶ የሚለመነው ለምንድን ነው?

ለሂርሲ በጆሮው ነገረው። ሂርሲም፣ «ከኔ የሚወድቀውን ቆሻሻ ቤት አደርገዋለሁ ካልክ አድርገው። መጀመሪያ የኔን ቤት ትሠራለህ» አለው። ተጨባበጡ።

እዚህ ላይ ገነነ አንድ ነገር አጠፋ። ዘዴውን ይሰርቁኛል ብሎ ፈራ። ስለዚህ በክምሩ ዙሪያ የጆንያ አጥር ጋረደና፣ ከአጥሩ በስተጀርባ ቁጭ ብሎ፣ በትልቅ የብረት ሙቀጫ አሩን ሲወቅጥ መዋል ጀመረ። ወቅጦ በወንፊት ይነፋል፤ ነፍቶ በማዳበሪያ ከረጢት ይሞላል፤ ከረጢቱን አስሮ ይተኛበታል። ሰው ሲመጣ ያቆማል። ሰው ሲሄድ ይቀጥላል። ተኩስ በሚሰማበት ከተማ ውስጥ፣ ከሌላ አገር የመጣ የቀድሞ ወታደር፣ ተሸሽጎ ጥቁር ዱቄት ይፈጫል። ሰፈሩ ምን ይበል?

ምን እንዳለ የነገረችው ጣይባ ናት። ጣይባ የወሎ ልጅ ናት፤ በመንገዱ ማዕዘን ሻይ ትሸጣለች፤ ሶማልኛውን እንደ አማርኛዋ ታንበለብለዋለች።

«ጋሽ ገነነ፣ እስቲ ወላሂ በል፤ ምንድን ነው የምትፈጨው?» አለችው አንድ ቀን ብርጭቆውን እያቀበለችው።

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ወላሂ አልልም። ሻይሽን ቅጂ።»

«ቀዳሁ። እነሱ ግን ባሩድ ነው ይላሉ።»

«እነማን?»

«እነማን ይላል እንዴ! ጆሮ ያለው ሁሉ ነዋ። ለነዚያኞቹ ነው የሚያዘጋጀው የሚል አለ፤ አይ፣ ለነዚህኞቹ ነው የሚልም አለ።»

«ባሩድ ቢሆን ሲጋራ በአፌ ይዤ እወቅጠው ነበር?»

«እሱንም ብለዋል» አለች ጣይባ። «ሐበሻው ሞት አይፈራም ብለዋል።»

ገነነ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን እሱም ሰውን በጎሪጥ ማየት አበዛ። ሂርሲ ኖራ ሲያመጣ ከረጢቱን ከፍቶ ያሸታል፤ አመድ ደባልቀውበት እንደሆነስ? አህያ ነጂው ውሃ ሲያወርድ ቆሞ ያያል። ጣይባ ከደንበኛ ጋር በሶማልኛ ስትስቅ፣ የሚሳቀው በእሱ ይመስለዋል።

በዚህ መካከል ብሎኬቶቹን መምታት ጀመረ። ሦስት እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የተፈጨ የብረት አር፣ በላዩም ኖራ፤ በጥቂት ውሃ ለውሶ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ጠቅጥቆ ይገለብጠዋል። ከዚያ በኋላ አባቱ ለጭቃ ጡብ እንዳስተማረው አደረገ። ጠል እንዳይነካው፣ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው፣ ጠብታ እንዳያርፍበት አድርጎ፣ ከሸራው ሥር ደረደረውና በደረቅ ገለባ ሸፈነው። እንደ ሕፃን ጠበቀው። ሸራው ሥር ቦታ ሲሞላ፣ የተረፉትንና ጎናቸው የተጣመመውን ከጆንያው አጥር ውጪ፣ ከጎረቤት ግድግዳ ጥግ ደረደራቸው፤ እነሱን አልሸፈነም።

ያ ግድግዳ የወይዘሮ ራሕሞ ነው። ራሕሞ የሂርሲ አክስት ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ኤዶ ራሕሞ ይላቸዋል፣ አክስቴ ለማለት። በፊተኛው ጦርነት ቤታቸው በመድፍ ሲመታ ልጃቸው ውስጥ ነበር። ከቤቱ የቀረው ያ አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። በእሱ ላይ ሸራቸውን አስደግፈው፣ ከአንዲት ቀይ ፍየል ጋር ይኖራሉ። ከገነነ ጋር ሰላምታ የላቸውም። ሲያልፉ ክምሩን አይተው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ከከንፈራቸውም አንድ ቃል ያመልጣል፤ ምን እንደሆነ ገነነ አያውቅም።

አንድ ማክሰኞ ሽማግሌው ባሬ ዱላቸውን እየመቱ መጡ። ባሬ የሰፈሩን ጠብ የሚዳኙ፣ ማን ገባ ማን ወጣ የሚሉ ሰው ናቸው። የጆንያውን አጥር በዱላቸው ጫፍ ገለጥ አድርገው ከረጢቶቹን አዩ።

«ገነነ» አሉ በአማርኛ። «እኔ ሦስት ዓመት ጅግጅጋ ስደተኛ ሆኜ ተቀምጫለሁ። አማርኛ የገባኝ እዚያ ነው። ውሸትም በአማርኛ ሲነገር አውቃለሁ።»

«አባባ፣ ምን ዋሸሁ?»

«ሲሚንቶ ነው አልክ። ሲሚንቶ ከሆነ ግድግዳ ይሆናል። እኔ ያየሁት ጥቁር ዱቄት ነው።»

«ይደርቃል። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይደርቃል።»

«ጊዜ!» አሉ ባሬ። «በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል የሚሰማህ ምንድን ነው? ጊዜ ነው? ወጣቶቹ ሌሊት መጥተው ከረጢቱንም አንተንም ሊያወጡ ፈልገው ከለከልኳቸው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። አንድ ድንጋይ አሳየን። ካላሳየኸን ቅዳሜ ወደ ድንበር የሚሄድ መኪና አለ፤ እኔ ራሴ አሳፍርሃለሁ። ይህን የምልህ ደግ ስለሆንኩ ነው።»

ደግነታቸውን ገነነ አልተጠራጠረም። የተጠራጠረው ድንበሩን ነው። ማዶ ስሙን የሚጠይቅ ሰው አለ፤ የሚቀበለው ቤት ግን የለም።

ባሬ ዞር እንዳሉ ገለባውን ገለጠ። ከሁሉ አስቀድሞ የሠራውን ብሎኬት፣ ከወር በላይ የጠበቀውን፣ አንሥቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ጫን አለው። ጠርዙ እንደ ደረቅ ዳቦ ረገፈ። ሌላ አነሣ። ረገፈ። ገነነ ተቀመጠ። ሂርሲ ነው፤ ኖራውን አበላሽቶብኛል። ወይም ነጋዴው ነው። ወይም የገባ ሰው አለ። ዓይኑ በአጥሩ ዙሪያ ሲዞር፣ ከውጪ የደረደራቸው ብሎኬቶች ላይ እርጥብ ጆንያ ተጥሎ አየ።

ጆንያው የእሱ አይደለም። ዝናብም አልዘነበም።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ከአጥሩ ኋላ ቆሞ ጠበቀ። ኤዶ ራሕሞ ጀሪካን ተሸክመው መጡ። በሌላ ጊዜ አንድ ጣሳ ውሃ የሚቆጥቡ ሴት ናቸው፤ ለፍየላቸው እንኳ እየለኩ ነው የሚሰጧት። እሳቸው ጀሪካኑን ዘቅዝቀው፣ እየተንሾካሾኩ፣ ከብሎኬት ብሎኬት እያዳረሱ አፈሰሱት። ጆንያውን ነከሩና መልሰው አለበሱት። ማታም ጀምበር ስታዘቀዝቅ እንደዚያው።

ገነነ ደሙ ፈላ። ጡብ ላይ ውሃ! ጡብ ሠሪ ጠላቱን የሚጎዳው እንደዚህ ነው። ያውም በድግምት! በዚህ እጃቸው ገብተው ሸራ ሥር ያለውንስ ምን አድርገውት ይሆን?

ለሂርሲ ነገረው። ሂርሲ ወናፉን ሳይለቅ፣ «ተዋቸው፤ አክስቴ ናቸው» አለ።  ገነነም በልቡ፣ «አንተም አለህበት» አለ።

ዓርብ ደረሰ። ባሬ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጡ፤ ከኋላቸው ሰፈሩ መጣ። ጣይባ ሻይዋን ጥላ ለማስተርጎም ቆመች። ኤዶ ራሕሞ ከግድግዳቸው ሥር ፍየላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ገነነ ከሸራው ሥር ጎኑ የተስተካከለውን፣ መልኩ ያማረውን ብሎኬት መርጦ፣ እንደ ዕንቁላል በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ አኖረው።

ባሬ ዱላቸውን አስደግፈው ጫን አሉ። ዱላው ሰመጠ። ሲያወጡት ብሎኬቱ መሐል ለመሐል ተከፈለና አሸዋ ሆነ።

ከኋላ አንዱ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ሰው ሳቀ።

«ምን አለ?» አለ ገነነ።

«ተወው፣ ጋሽ ገነነ።»

«ምን አለ እኮ?»

«ቅዳሜ መንገድ ላይ እንዳይርብህ ያዘው ነው የሚለው፤ ቂጣ መስሎታል።»

ያን ጊዜ ገነነ ፈነዳ። ጣቱን ወደ ራሕሞ ቀስሮ፣ «እሳቸው ናቸው!» አለ። «ጠዋትና ማታ ውሃ እያፈሰሱ፣ እያነበነቡ፣ ያጠፉብኝ እሳቸው ናቸው! በዓይኔ አይቻለሁ! ተርጉሚ!»

«አልተረጉምም።»

«ተርጉሚ ብያለሁ!»

«የእናት ያህል ናቸው እኮ! እንደዚህ ያለ ነገር በኔ አፍ አይወጣም።»

ባሬ ግን ሁሉንም ሰምተዋል። ቀስ ብለው ወደ ራሕሞ ዞረው በሶማልኛ ጠየቁ። ራሕሞ ተነሡ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ግን ማንም አላቋረጣቸውም። ጣይባ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትከተላቸው ጀመር።

«አዎን አፍስሻለሁ፣ ነው የሚሉት። የወንድሜ ልጅ ከታንክ የወጣ ብረት ያቀልጣል፣ ነው የሚሉት። የስንት ሰው ደም ያለበት ብረት ነው። ልጄን የገደለውም ከውስጡ እንዳለ ማን ያውቃል? ብረቱ ሄዶ አሩ ቀረ፤ ጂኑ የሚቀረው ከአሩ ጋር ነው። ይህ ሰው ደግሞ እሱን አምጥቶ ግድግዳዬ ላይ አስጠጋው! ፈራሁ። ሼኩ ጋ ሄድኩ። ቁርኣን የተቀራበት ውሃ፣ ተሕሊል አስደርጌ፣ ከራሴ ውሃ ላይ እየደባለቅሁ አጠጣሁት። እንዳይደርቅም ጆንያ አለበስኩት፤ በረካው እንዳይተን ብዬ። ለሱ መስሎታል እንዴ? ለግድግዳዬ ነው ይላሉ።»

«ታዲያ ሸራው ሥር ያለውን ምን አደረጉት?» አለ ገነነ።

ጣይባ ጠየቀች። ራሕሞ ባጭሩ መለሱ።

«አልነካሁትም። ወደ ሐበሻ መኝታ ምን ሊወስደኝ? ይላሉ።»

ሂርሲ ይህንን ሁሉ እጁን አጣጥፎ ሲሰማ ቆይቶ ነበር። ሄዶ እርጥቡን ጆንያ ገፈፈ። «ያበላሹት ይኸው ከሆነ እንየው» አለና የእቶኑን ከባድ መዶሻ አንሥቶ፣ ጎኑ የተጣመመውን ብሎኬት መታው።

መዶሻው ነጥሮ ተመለሰ። ድምፁ እንደ ደወል ነበር።

ሂርሲ እጁን አየ፤ ከዚያ ብሎኬቱን አየ፤ አሁን በሙሉ ክንዱ መታው። ከጠርዙ አንዲት ቅንጣት ዘለለች። የሳቀው ሰው ለማየት ቀረብ አለ። ባሬ ሄደው በዱላቸው ቆረቆሩት፤ ከዚያ እንደደከመው ሰው ቁጭ አሉበት።

ገነነ ከፈረሰው ብሎኬት አሸዋውን በእጁ ዘገነ። አቃቂ ፊቱ መጣበት፤ ያ መተላለፊያ፣ ያ አለቃ፣ ያ ክረምት። አለቃው ሥራውን ሁልጊዜ የሚያስጀምረው በሰኔ ነበር፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቀን ከሌት ሲያጠጣው ይከርማል። ይህንን ማንም ከሥራው ጋር አልቆጠረውም፤ ዝናብ ነዋ! ጭቃ ጡብ ሲደርቅ ይጠነክራል። ይህ ግን ውሃ ጠጥቶ፣ ቀስ ብሎ፣ እያደር የሚጠነክር ነገር ነው። እሱ እንደ ሕፃን እየጠበቀ ሲያስጠማው ነበር።

«ውሃው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ውሃ ነው ያጣው።»

ጣይባ ተረጎመች። ኤዶ ራሕሞ ቆጣ ብለው መለሱ።

«ውሃ አይደለም፣ ተሕሊሉ ነው ይላሉ።»

«ውሃ ነው።»

«ጋሽ ገነነ፣ ዛሬ እንኳ ዝም በል።»

ገነነ ወደ ራሕሞ ሄዶ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ «ይቅር ይበሉኝ፣ ኤዶ» አለ። ይህ መተርጎም አላስፈለገውም። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ፍየላቸው መለሱ።

ባሬ ከብሎኬቱ ሳይነሡ ከሽማግሌዎቹ ጋር ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ በአማርኛ ተናገሩ።

«ድንጋይ አየን። ባሩድ አለመሆኑን አመንን። ቅዳሜ መኪናው ያለአንተ ይሄዳል።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ድንጋይ መሆኑን ነው ያመንነው። ቤት መሆኑን አላመንንም። ሂርሲ ልጆች አሉት፤ ከታንክ አር በተሠራ ቤት ውስጥ ልጅ አናስገባም። አንድ ክፍል ትሠራለህ። ዝናቡ እስኪያልፍ አንተ ራስህ ትኖርበታለህ። ከወደቀ በአንተ ላይ ይውደቅ። ጂንም ካለ አንተን ያግኝህ። ካልወደቀ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ገነነ ሂርሲን አየው። ሂርሲ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ቤቱ በመዘግየቱ አላዘነም፤ እንዲያውም ደስ ያለው ይመስላል። ጣይባ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ሐርጌሳ በሙሉ ጣሪያ ሲያምረው፣ በዳሚ መጀመሪያ ቤት የሚገባው ማንም ያላመነው ሐበሻ ሊሆን ነው!

ግንባታው ከክምሩ አጠገብ ተጀመረ። የጆንያው አጥር በባሬ ትእዛዝ ፈረሰ፤ ሰው ሁሉ ገነነ የሚወቅጠውንና የሚደባልቀውን ቆሞ ያያል። ከስርቆት የፈራው ዘዴ በአደባባይ ወጣ፤ የሚሰርቅ ግን አልመጣም። በየረድፉ ላይ ኤዶ ራሕሞ ጀሪካናቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንድ ቀን ገነነ ከአህያ ጋሪ ውሃ ገዝቶ ሊያፈስ ሲል ባልዲውን ከእጁ ነጠቁት፤ ውሃውን ሼኩ ጋ ልከው፣ ቁርኣን ተቀርቶበት ከተመለሰ በኋላ ነው ያፈሰሱት። ረድፉ ግማሽ ቀን ሲጠብቅ ዋለ። ገነነ የግንብ ማቅኛ ቱንቢውን ይዞ ተቀምጦ በሆዱ ተናደደ። ያለ ተሕሊል በተራ ውሃ ብቻ ቢሆንስ ብሎ የሚሞክርበት አንዲት ብሎኬት እንኳ ለይቶ አላስቀመጠም። ቢሞክርና ቢሰበርስ? ወይም ቢሞክርና ባይሰበርስ? ሁለቱም አስፈሩት።

ተኩሱ በየሳምንቱ ይነሣል፣ ይበርዳል። ግድግዳው ግን ወደ ላይ ሄደ። ጣሪያው ከወደቀ መጋዘን የተነቀለ፣ በጥይት የተበሳሳ ቆርቆሮ ነው፤ ቀዳዳዎቹን በሬንጅ ደፈነ።

ዝናቡ የመጣው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከኮረብታዎቹ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ ነፋስ አቧራውን አነሣ፤ ከዚያ እንደ ጠጠር ወረደ። ገነነ ከክፍሉ ወጥቶ ግድግዳውን እያየ በዝናብ መሐል ቆመ። ከየሸራው ሥር ሰው አንገቱን አወጣ።

«ገነነ!» አሉ ባሬ ከሩቅ። «የተፈረደብህ ውስጥ ሆነህ ነው፣ ውጪ ሆነህ?»

«እያየሁት ነው፣ አባባ!»

«አንተም አታምነውም ማለት ነው?»

ሰው ሳቀ። ገነነ ፊቱን ጠረገ። እውነትም አላመነውም ነበር። ግድግዳው እርጥበት እየጠጣ ጠቆረ፤ የጭቃ ልጅ የሆነው ልቡ፣ አሁን ይቀልጣል፣ አሁን ይንሸራተታል ይለዋል። አማተበና ገባ። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከቆርቆሮው ጩኸት በቀር ምንም የለም። ጀርባውን ቀዝቃዛ ነገር ነካው፤ እርጥብ አልነበረም።

«ጋሽ ገነነ!» አለች ጣይባ ከውጪ። «ኤዶ ራሕሞ አለ ወይ ይላሉ!»

«አለሁ በያቸው!»

ትንሽ ቆይታ እንደገና መጣች። «አሁንስ አለ ወይ ይላሉ!»

«አሁንም አለሁ!»

ዝናቡ በረታ። ገነነ በበሩ ሲያይ የራሕሞ ሸራ ውሃ ተሸክሞ ረግቦ፣ ከዚያ በአንድ ጎኑ ተቀዶ ወረደ። እሳቸው በዝናብ ውስጥ ፍየላቸውን በአንገቷ እየጎተቱ መጡ፤ ደፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው የግድግዳውን ጠርዝ ነኩ። ጣታቸውን አዩት። ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ፤ ቢስሚላሂ አሉ፤ ግን አልገቡም።

«ይግቡ፣ ኤዶ» አለ ገነነ እየተነሣ። «ይግቡ እንጂ፣ ዝናብ መታዎት!»

ራሕሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ፍየሏን ከኋላዋ ገፋ አድርገው አስገቧት። እሷ ሁለት እርምጃ ሄዳ ግድግዳውን አሸተተች፤ ውሃዋን ከጠጉሯ ላይ አራገፈችና ደረቁ መሬት ላይ ተኛች። ገነነ ቦታ ለቀቀላት። ራሕሞ በደፉ ላይ፣ ግማሹ ቀሚሳቸው በዝናብ፣ ግማሹ በቤቱ ውስጥ ሆኖ፣ ፍየሏን እያዩ ቆሙ።